ዐውደ ፀሐይ ይመለሳል፤ ፊት ግን አይመለስም

መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ዕለቱ ሐሙስ፣ ዘመኑም ዘመነ ማርቆስ ነበረ። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲጠባም እንዲሁ ዕለቱ ሐሙስ፣ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ መካከል ሃያ ስምንት ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐውደ ፀሐይ ብለው የሚጠሩት ይኸው ነው። ዕለትና ወንጌላዊ ከአንድ ቦታ ተነሥተው፣ ዙረታቸውን ፈጽመው እንደገና የሚገናኙት በየሃያ ስምንት ዓመቱ ነውና።

ስሌቱ ለማንም አይከብድም። በ5,500 ዓመተ ዓለም ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው። ቀሪው አንድ ሲሆን ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲሆን ዘመነ ማርቆስ፣ ሦስት ሲሆን ዘመነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዘመነ ዮሐንስ ይባላል። 1990ን ብንደምር 7,490፣ 2018ን ብንደምር 7,518 ይሆናል፤ ሁለቱም ለአራት ሲካፈሉ ሁለት ይተርፋቸዋል። ዕለቱ ደግሞ በየአራት ዓመቱ አምስት ቀን ወደ ፊት ስለሚራመድ፣ ወደ ተነሣበት የሚመለሰው አራት ዓመት ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ነው። አራት ጊዜ ሰባት ሃያ ስምንት ነው።

ፀሐይ ዐውዷን ፈጽማ ወደ ተነሣችበት ስትመለስ የሰው ፊት ግን አብሯት አይመለስም። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም፤ ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን ማኖር ይበቃል። እኔም በዚያች በ2018ቱ ሐሙስ ማታ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። በአንደኛው ፎቶግራፍ ላይ ጢም ያላቀና የዐሥራ ስምንት ዓመት ዲያቆን ቆሟል። በሌላው ላይ ጢሙ የሸበተ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ይታያል። ሁለቱም እኔው ነኝ። የቆምሁበት ቦታ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ያጣፋሁት ነጠላም አንድ ዓይነት ነው።

በቅጽሩ ግንብ ሥር

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ሊማሊሞ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የወገራ ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ይጠጋል። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅልባት ደጋ በመሆኗ መስከረም ሲጠባ ማሳው ገና ለምለም ነው፤ ጉሙም በጠዋት ከሸለቆው እየተነሣ መንገዱን ይሸፍነዋል። ገበሬው ዘመን መለወጫን «ቅዱስ ዮሐንስ» ብሎ ይጠራዋል። በዋዜማው ልጆች እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ፤ ችቦ ይበራል፤ በማግሥቱም ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ይሆናል።

በ1990 ዓ.ም. እኛ ሠፈር ፎቶግራፍ አንሺ የሚታየው በበዓል ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ሰው ከጎንደር በአውቶቡስ መጥቶ፣ ካሜራውን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ በደብራችን ቅጽር በር ላይ ቆመ። እኔ በዚያው ወር ለመንፈሳዊ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ተዘጋጅቼ ነበርና፣ ከቅዳሴ በኋላ ከግንቡ ሥር፣ ገና ትከሻዬ ላይ ከምትደርስ የጽድ ችግኝ አጠገብ ቆሜ ተነሣሁ። ፎቶግራፉ የደረሰኝ ከወር በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለትምህርትም ሆነ ለአገልግሎት የትም ብሄድ፣ ለቅዱስ ዮሐንስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እመለሳለሁ፤ ከዚያው ግንብ ሥርም እቆማለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያነሣኝ የነበረው ያገኘሁት ፎቶ አንሺ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የራሴን ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ከድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ዐሥር ሰከንድ ቆጥሮ በራሱ እንዲያነሣ እያዘዝሁ፣ ነጠላዬን እየሰበሰብሁ ሮጬ ከቦታዬ እደርሳለሁ። ሕፃናት ይህን ሩጫዬን ለማየት በየዓመቱ ይሰበሰባሉ።

ከመስከረም 1990 እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሃያ ዘጠኝ ዘመን መለወጫዎች ተቆጥረዋል። ፎቶግራፎቹ ግን ሃያ ስድስት ብቻ ናቸው። የ1992ቱ ፊልም ብርሃን ገብቶበት ተበላሸ። በ2000 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ አዲሱን ሺህ ዓመት በደስታ ሲቀበል እኔ ሐዘን ተቀምጬ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ዘልቆ፣ በጭና ንጹሐን ሰዎች ያለቁበት ሰሞን ስለነበር፣ በ2014ቱ መስከረም ፎቶግራፍ ለመነሣት ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እነዚህን ሦስት ባዶ ቦታዎች በነጭ ወረቀት ሞላኋቸው። ሥዕሎቹን በተርታ ስደረድር ዓይኔ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ እነዚያ ነጭ ወረቀቶች ነው። አንድን ዓመት ምን እንደ ነበረ ለማስታወስ የሌለው ፎቶግራፍ ካለው ይልቅ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያደረጉ

ሰው የራሱን መልክ ከዓመት ዓመት መመዝገብ የጀመረው በእኛ ዘመን አይደለም። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት ከወጣትነቱ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1669 እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ፊቱን አርባ ጊዜ ያህል በቀለም ሥሏል። በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች የሚታየው ኩሩ ወጣት፣ በመጨረሻዎቹ ጉንጩ የወረደ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ሆኖ ይታያል። የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም በተገለጠበት እ.ኤ.አ. በ1839 ደግሞ በፊላደልፊያ ከተማ ሮበርት ኮርኔሊየስ የተባለ ሰው ከቤተሰቡ ሱቅ ጓሮ ካሜራውን ተክሎ፣ ከፊቱ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ ቆይቶ ራሱን አነሣ። ይህ ፎቶግራፍ ሰው ራሱን በራሱ ካነሣባቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ፖላንዳዊው ሠዓሊ ሮማን ኦፓልካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዋርሶ ከተማ አንድ ሸራ ዘርግቶ ከቁጥር አንድ ጀምሮ በቀጭን ብሩሽ መጻፍ ያዘ። ሸራው ሲሞላ ሌላ ይዘረጋል፤ ቁጥሩ ግን አይቋረጥም። ከጊዜ በኋላም የሸራውን መደብ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ነጭ ቀለም እየጨመረ ያነጣው ጀመር። በየቀኑ ሥራውን ሲፈጽም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ሳይስቅና ሳያዝን በካሜራ ፊት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞት የጻፈው የመጨረሻ ቁጥር 5,607,249 ነበር። ፎቶግራፎቹ በተርታ ሲታዩ ጠጉሩ ከሸራው ጋር እየነጣ ይሄዳል።

በአሜሪካ የቦስተን ሰው ካርል ባደን እ.ኤ.አ. ከየካቲት 23 ቀን 1987 ጀምሮ ፊቱን በየቀኑ ማንሣት ያዘ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ብቻ፣ እርሱም ጥቅምት 15 ቀን 1991፣ ዘንግቶት አመለጠው። ኒኮላስ ኒክሰን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ የራሱን ፊት ትቶ፣ ባለቤቱንና ሦስት እኅቶቿን እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2022 በዓመት አንድ ጊዜ አነሣቸው። አራቱም ሁልጊዜ የሚቆሙት በአንድ ተርታ ነው፤ የፊተኛዋ ወደ ኋላ፣ የኋለኛዋ ወደ ፊት አትልም።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ክብደት ያለው በአንዱም ፎቶግራፍ ውስጥ አይደለም። የኦፓልካን አንዱን ፎቶግራፍ ለብቻው ያየ ሰው አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ከማየት በቀር ምንም አያገኝም። ዛሬን ከትናንት የሚለይ ምልክትም የለውም። ጊዜ የሚታየው በፎቶግራፍና በፎቶግራፍ መካከል ነው። ለዚህም ነው ሁሉም ልብሱን፣ ቦታውንና ብርሃኑን እንዳይለወጥ አድርገው የጠበቁት። የሚለወጠው እንዲታይ የማይለወጥ ነገር በአጠገቡ መኖር አለበት።

ፊት ምን ይናገራል?

የእኔም ተርታ እንዲሁ ነው። የ1990ውን ከ1991ዱ ጋር ባስተያይ ለውጥ አላገኝም፤ የ1991ዱንም ከ1993ቱ ጋር እንዲሁ። የትኛውንም ፎቶግራፍ ከጎረቤቱ ጋር ባቆም «ይህ ያው ሰው ነው» እላለሁ። የመጀመሪያውን ከመጨረሻው ጋር ሳቆም ግን የማላውቀው ሰው አገኛለሁ። ታዲያ የተለወጥሁት መቼ ነው? በአንዱም ዓመት አይደለም፤ በሁሉም ዓመት ነው እንጂ።

ሐኪሞች ይህን ዝግ ያለ ለውጥ በመለኪያ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ የሐኪሞች ጥናት ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆኑ 206 ሰዎችን ጆሮ ለክቶ፣ የሰው ጆሮ በዓመት በአማካይ 0.22 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚረዝም አሳይቷል። ይህ በዓመት ከአንድ ነጠላ ክር ውፍረት የማይበልጥ ነው፤ በሃምሳ ዓመት ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የቆዳው መሸብሸብ ደግሞ በእኛ ደጋ ይፈጥናል። ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር ከፀሐይ የሚመጣው ቆዳን የሚጎዳ ጨረር ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራልና፣ በብርዱ ምክንያት ፀሐዩ ያልበረታ የሚመስለው የወገራ ገበሬ ፊቱ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ቀድሞም ይሸበሸባል። በፎቶግራፎቼ ላይ የዓይኔ ጠርዝ መስመሮች ጎልተው የወጡት ለአገልግሎት ወደ ገጠር ደብር ከተዛወርሁ በኋላ መሆኑን ያስተዋልሁት በቅርቡ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ፎቶግራፉን ሲያይ «ይህስ እኔን አይመስልም» የሚለው በከንቱ አይደለም። በየቀኑ የምናየው የራሳችን ፊት በመስተዋት ውስጥ ያለው፣ ቀኙ ግራ ሆኖ የተገለበጠው ነው። ፎቶግራፍ የሚያሳየን ሌሎች ሰዎች የሚያዩትን ነው። ባለቤቱ ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ፊት የራሱን ፊት ነው ማለት ይቻላል። እናቱ፣ ሚስቱ፣ የሚያቆርበው ቄስ፣ ጠላው ቤት አብሮት የሚቀመጠው ጎረቤቱ ይበልጥ ያውቁታል። ፊታችን ለእኛ ከተሰጠው ይልቅ ለሌሎች የተሰጠው ይበዛል።

የልዑል ዓለማየሁ ፊት

ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ወደ ስሜን ተራሮች ይደርሳል። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያው በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም ነበር። ከዚያም ድል ያደረጓቸውን የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ከእርሳቸው የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ፣ ከዚህ አገር ልጆች መካከል ከልጅነት እስከ ወጣትነት ፊቱ በፎቶግራፍ የተከታተለ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የሚያሳዝን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ ሲሞቱ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ካሜራ የያዙ ወታደሮችን አስከትሎ ስለመጣ የመቅደላ ዘመቻ በፎቶግራፍ ተመዝግቧል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ታመው ዐረፉ፤ ሥጋቸውም በትግራይ በጨለቆት ሥላሴ ተቀበረ። ልጁ ግን ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ዝነኛዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። ከዚያም ከአሳዳጊው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ሆኖ፣ ኋላም በቼልትንሃምና በራግቢ ተማሪ ቤት፣ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም በቆየባቸው ዓመታት ደግሞ ደጋግሞ ፎቶግራፍ ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ላይ የአገሩን ልብስ የለበሰ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ሕፃን ይታያል። በኋለኞቹ ላይ ኮትና ክራቫት ያደረገ ረዥም ወጣት ቆሟል። በ1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሲሞት ገና ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ዐፅሙ ዛሬም በዊንድሰር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም በሚጠራው ጸሎት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም፤ ከጠጉሩ የተቆረጠ ዘለላ ግን በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያውያን ተመልሷል።

የልዑሉን ፎቶግራፎች ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ፊቱ በየዓመቱ ሲለወጥ ያየው ማን ነው? ባዕዳን ናቸው። አፉ ሲፈታ የሰማው፣ «የአባቱን ግንባር ይዟል»፣ «ዓይኑ የእናቱ ነው» ሊል የሚችለው ዘመድ ሁሉ በሞትና በባሕር ተለይቶታል። ሥዕሉ ሳይጎድል ሥዕሉን አይቶ የሚያውቀው ጠፋ። ፎቶግራፍ ብቻውን ማስታወሻ አይሆንም፤ የሚያስታውስ ሰው ያሻዋል።

ከንቱ ውዳሴ ነውን?

አንድ አባት የፎቶግራፎቼን ተርታ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ራስን ማየት ከንቱ ውዳሴ አይሆንብህም?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ስልክ በእጁ የያዘ ወጣት በቀን ውስጥ ራሱን ብዙ ጊዜ ያነሣል፤ ከመካከላቸው ያማረውን መርጦ የቀረውን ይሰርዛል።

እኔ ለአባታችን የመለስሁት መልስ ይህ ነው። ከንቱ ውዳሴ መምረጥ ይወዳል። የተቆረጠ ቀጠሮ ግን ምርጫ አያውቅም። መስከረም 1 ቀን ፊቴ ቢያብጥም፣ ዕንቅልፍ ቢያጣም፣ ጥርሴ ቢወልቅም የዚያ ዓመት ፎቶግራፍ ያው ነው። በ1998ቱ ላይ ታምሜ ከስቻለሁ፤ አልሰረዝሁትም። ራሱን በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሃያ ስድስት ጊዜ ያየ ሰው በመልኩ ሊመካ አይችልም፤ ወደየት እንደሚሄድ በዓይኑ ያየዋልና።

የአገራችን ሠዓልያንም መልክን በትሕትና ማኖር ያውቁ ነበር። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ ራሳቸው ተሥለዋል። የተሣሉት ግን በዙፋን ላይ አይደለም፤ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ሥዕሉን የሚያይ ሁሉ «እኚህ ሴት እዚህ ነበሩ፤ ይህንንም ለመኑ» ይላል። ደግሞም በጥንቱ የሥዕል ሥርዓታችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። አያቶቻችን በፎቶግራፍ ፊት ሲቆሙ ሳይስቁ፣ ቀጥ ብለው፣ ሁለት ዓይናቸውን ወደ ካሜራው የሚተክሉት ከዚህ ልማድ የወረሱት ይመስለኛል። ፈገግታን የማያውቁ ሆነው አይደለም፤ ፊትን ሳይሸሽጉ መስጠት አክብሮት ስለሆነ ነው።

በዳር የቀረችው እጅ

አሁን ወደ መጀመሪያው ፎቶግራፍ ልመለስ። ሳልናገር ያለፍሁት ነገር አለ።

በ1990 ዓ.ም. ከግንቡ ሥር በቆምሁ ጊዜ እናቴ አብራኝ ነበረች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሲያዘጋጅ ነጠላዬ ከትከሻዬ መንሸራተቱን አይታ ልታስተካክልልኝ ቀረበች። ፎቶ አንሺው፣ «እማማ፣ እርስዎም አብረው ይነሡ እንጂ» አላት። እርሷም፣ «እኔን አሮጊቷን ምን ታደርጉኛላችሁ? ሸማዬም አድፏል። እርሱን አንሣልኝ፤ አገር ሊለቅ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ እንደ ተማሪ፣ እንደ ትልቅ ሰው መነሣት ፈልጌ ነበርና፣ «እማ፣ እንግዲያው ፈቀቅ በይልኝ» አልኋት። ፈቀቅ አለች። ካሜራው ግን እጇን ጨርሳ ሳትሰበስብ ቀጭ አለ።

ፎቶግራፉ ሲደርሰኝ በቀኝ ጠርዙ ላይ አንድ እጅ ገብቶበታል። ከእጅ አንጓው እስከ ጣቶቹ ይታያል፤ ከሥሩም የነጠላ ዘርፍ አለ። ሥዕሉን ያበላሸብኝ መሰለኝና ተናደድሁ። ጠርዙን በመቀስ ልቆርጠውም አስቤ ነበር። ያልቆረጥሁት መቀስ የሚያውሰኝ በማጣቴ እንጂ በሌላ ምክንያት አይደለም።

እናቴ በነሐሴ ወር 1999 ዓ.ም. ዐረፈች። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት በየቅዱስ ዮሐንሱ ከግንቡ ሥር ስቆም እርሷ በአጠገቤ ነበረች። ነጠላዬን ታስተካክልልኛለች፤ ከዚያም ከካሜራው ዓይን ውጭ ትቆማለች። በየዓመቱ «አብረሽኝ ተነሺ» እላት ነበር፤ በየዓመቱም «ለከርሞ፣ ሸማዬን አጥቤ» ትለኛለች። ከርሞ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ያለ መሰለን። ተዝካሯ ላይ የሚቆም ፎቶግራፍ ሲፈለግ አንድም አልተገኘም። መታወቂያ አልነበራትም። በሰው ሠርግ ላይ ስታስተናግድ ስለኖረች በሰው ፎቶግራፍም ውስጥ አልገባችም።

የቀረችልኝ ያቺ እጅ ብቻ ናት። ጣቷ ላይ የምጣድ ጠባሳ አለ፤ ዘርፉ ላይም እርሷ ራሷ የፈተለችው ፈትል ይታያል። ሃያ ስድስት ጊዜ የራሴን ፊት አንሥቻለሁ። ከሁሉም የምሳሳለት አንዱ የእኔ ያልሆነው፣ ልቆርጠው የነበረው ጠርዝ ነው። ዛሬ ተርታውን ለልጆቼ ሳሳይ ከእጇ እጀምራለሁ። «ይህች አያታችሁ ናት» እላቸዋለሁ። ከሁለተኛው እስከ ዘጠነኛው ባሉት ላይ አትታይም፤ ነገር ግን ነጠላዬ በትከሻዬ ላይ በትክክል ተጥፎ ይታያል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ሁሉ ላይ ነጠላዬ ያጋድላል። ይህን የሚያስተውለው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ለቤተሰብ የሚበጅ ምክር

አንባብያን ሆይ፣ በዓል ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ነው። ይህን ልማድ በቤታችሁ መጀመር የምትፈልጉ ብትኖሩ፣ ከሃያ ስምንት ዓመት የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቀኑና ቦታው አይለወጥ። የቤታችሁ በራፍ፣ የጓሮ ዛፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሊሆን ይችላል። የእኔ ጽድ በ1990 ዓ.ም. ትከሻዬን ታክል ነበር፤ ዛሬ ጫፏ ከፎቶግራፉ ወጥቷል። ዛፍ ያለው ቦታ ብትመርጡ ዛፉም አብሮ ይቆጥራል።

ሁለተኛ፣ በጀርባው ላይ ስም፣ ቀንና ቦታ በእርሳስ ጻፉ። ቀለም ይፈስሳል፤ እርሳስ ግን ይቆያል። ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማንም አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ቀለም ያለው ፎቶግራፍ በብርሃን ይደበዝዛል። የድሮው ጥቁርና ነጭ ምስሉ የብር ብናኝ ስለሆነ ሲቆይ፣ የባለ ቀለሙ ማቅለሚያ ግን በየዓመቱ እየጠፋ ይሄዳል። ከግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት ቅጅው ይሁን፤ ዋናው በደረቅና በጨለማ ቦታ ይቀመጥ። በስልክ ያለውም ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና በዓመት አንዱን እንኳ በወረቀት አሳትሙት።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። «ሸማዬ አድፏል» የምትለውን እናት፣ «እኔን ተዉኝ» የሚለውን አባት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና በዓሉን ሁሉ የምታበስለዋን እኅት ጠርታችሁ ከመካከል አቁሙ። የዛሬ ዓመት አትበሉ። ዘመነ ማርቆስ ከአራት ዓመት በኋላ ይመለሳል፤ ሐሙሱና ማርቆስም ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ተገናኝተው ይመጣሉ። በዚያ መካከል ከግንቡ ሥር የሚቆሙት ግን እነዚያው አይሆኑም።

በ2018ቱ ዘመን መለወጫ ካሜራውን ከድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ልሮጥ ስል ትንሿ ልጄ ነጠላዬ መንሸራተቱን አይታ ልታስተካክልልኝ ተንጠራራች። ዐሥሩ ሰከንድ አለቀ። ፎቶግራፉ ላይ የእርሷ ሁለት እጆች ትከሻዬን ይዘዋል፤ ፊቷ ግን አይታይም። ሌላ አነሣን። በሁለተኛው ላይ ከእነ ፊቷ፣ ከእነ እናቷ፣ ከእነ ወንድሞቿ አለች።

ሁለቱንም አስቀምጫቸዋለሁ።